የታመመውን ጠይቀኸዋል?

«ሲስተም የለም።»

ይህችን ቃል ያልሰማ ሰው ካለ ወይ ገና አልተወለደም፣ ወይ የመሥሪያ ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ድሮ «አለቃ የሉም»፣ «ማኅተሙ ተቆልፎበታል»፣ «ነገ ይምጡ» እንባል ነበር። እነዚያ ቢያንስ የሚወቀስ ሰው ነበራቸው። አለቃው የት እንደሄዱ ይጠየቃል፤ ቁልፉ ማን ኪስ ውስጥ እንዳለ ይታወቃል። ሲስተም ግን የት ነው ያለው? መቼ ነው የሚመለሰው? ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው ልጅ አታውቅም። ከመስኮቱ ወዲህ ያለው ገበሬማ ከየት አባቱ ያውቃል! ሁለቱም ደመና እንደሚያይ ሰው አንጋጠው ይጠብቁታል።

እኔ እንደማስበው ከሁሉ የሚከፋው ጭራሽ የሌለው ሲስተም አይደለም። መጣ ሄደ የሚለው ነው። ጭራሽ የጠፋ ነገር ቁርጡ ይታወቃል፤ ሰው ተስፋውን ቆርጦ ወደ ቤቱ ይመለሳል። መጣ ሄደ የሚለው ግን አያስቀምጥም፣ አያስኬድም። «አሁን መጥቶ ነበር እኮ፣ ትንሽ ይጠብቁ» ይባላል። ትንሹ ግማሽ ቀን ይሆናል፤ ግማሹ ቀን አዳር ይሆናል።

ይህን የምጽፈው ከመስኮቱ ወዲህ ተቀምጬ ስላማረርኩ ብቻ አይደለም። በአንድ ወቅት ያንን «ሲስተም» የምጠግነው ሰው እኔ ነበርኩ። ዛሬ የማወጋችሁም የራሴን ጥፋት ነው።

ጊዜው ግንቦት 2001 ዓ.ም. ነው። እንጀራዬ የኮምፒውተር ጥገና ሆኖ ባሕር ዳር እቀመጥ ነበር። ዘመኑ የፕላዝማ ዘመን ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሳተላይት ከሚመጣ መምህር ጋር ተፋጠው ይማሩ ነበር፤ መምህሩ ይጠይቃል፣ መልሱን ሳይሰማ ያልፋል። የወረዳ መስተዳድሮችንም ከክልልና ከፌዴራል መንግሥት ጋር የሚያገናኘው ወረዳኔት እየተዘረጋ ነበር። ኮምፒውተር ያልገባበት መሥሪያ ቤት እንደ ኋላቀር የሚታይበት ጊዜ ስለሆነ ማሽኑ ከባለሙያው ቀድሞ ገጠር ይደርስ ነበር። እኔም በዚህ መሐል እንጀራዬን እበላለሁ።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከገበሬው ገንዘብ እየተቀበለ የሚያስቀምጥ፣ የሚያበድርም አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ብጠራው ጥፋቱ የእሱ ብቻ ይመስላል። በኅዳር ወር ስድስት ኮምፒውተርና አንድ ሰርቨር የተከልኩላቸው እኔ ነኝ። ሰርቨር ሲባል ብዙ ነገር አይምሰላችሁ። ጥግ ላይ የቆመ፣ ቀንና ሌሊት የሚያጓራ አንድ ሣጥን ነው። የሰው ሁሉ ሒሳብ እሱ ሆድ ውስጥ ነው። መስኮት ላይ ያሉት ኮምፒውተሮች «የአቶ እገሌ ሒሳብ ስንት ነው?» ብለው እሱን ይጠይቁታል፤ እሱም ይመልሳል። እሱ ዝም ካለ መስኮቱ ሁሉ ዝም ነው።

ከፋሲካ በኋላ ተደወለልኝ። «ሰርቨሩ ይጠፋል፣ ይመጣል። ግራ ገብቶናል።»

በማግስቱ ሌሊት መናኸሪያ ተገኘሁ። ከባሕር ዳር ፍኖተ ሰላም በዳንግላ፣ በእንጅባራ፣ በቲሊሊ፣ በቡሬ አድርጎ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ቡሬን አልፈው ጥቂት ሲሄዱ ማንኩሳ ትገኛለች፤ ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጀመሩባት አገር። እዚያ ስደርስ ሁልጊዜ በመስኮት አንገቴን አወጣለሁ። ምን ለማየት እንደሆነ አላውቅም።

ሥራ አስኪያጁ በር ድረስ ወጥተው ተቀበሉኝ። የተከበሩ፣ ትሑት ሰው ናቸው። የቢሯቸውን ነገር አጠፋፍተው፣ በሩን ቆልፈው፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከትተው «እኔም አብሬህ ልሁን» ብለው ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ቡና መጣ። ሰርቨሩን ነካሁት። እንደ ወፍ ይዘምራል! ስድስቱም ኮምፒውተሮች ያገኙታል። አንድ ሰዓት ጠበቅሁ፣ ሁለት ሰዓት ጠበቅሁ፤ ምንም የለውም።

የጥርስ ሕመም ሐኪም ቤት በር ላይ ሲደርሱ ይተው የለ? ልክ እንደዚያ።

ባዶ እጅ መመለስ ነውር ነውና ሥራ የሠራሁ ለመምሰል «ሁሉም ሥራ ያቁም» ብዬ አዘዝኩ። የኬብሎቹን ጫፍ ቆርጬ አዲስ ራስ አሰርኩላቸው። ሰርቨሩን አጥፍቼ አበራሁት። ከውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው ተቀምጠዋል። ደብተራቸውን በላስቲክ ጠቅልለው በእጃቸው ይዘዋል። እጄን ልታጠብ ስወጣ፣

«ልጄ፣ አንተ ነህ አሉ እሱን የምታድነው?» አሉኝ።

«አዎ አባባ፤ አሁን ደኅና ሆኗል።»

«ተመስገን» አሉ።

ሥራ አስኪያጁ ምሳ ጋበዙኝ። ከምሳ በኋላ ጥገናው መከናወኑን የሚገልጸውን ወረቀት ፈረሙልኝ፤ ሸኙኝ። ቲሊሊ ሳልደርስ ስልኬ ጮኸ።

«ጠፋ!»

ሁለተኛውን ጉዞ አላስረዝመውም። ከሳምንት በኋላ አስቀድሜ ደውዬ ሄድኩ። አዲስ ስዊች ይዤ፣ አዲስ የኔትወርክ ካርድ ይዤ። ሥራ አስኪያጁ እንደ ልማዳቸው በር ላይ ተቀበሉኝ፤ ቢሯቸውን ቆልፈው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ቡና መጣ። ሰርቨሩ ደኅና ነው። ስዊቹን ቀየርኩ፤ ካርዱን ቀየርኩ። ምሳ በላን። ቡሬ ስደርስ ስልኩ ጮኸ።

እንግዲህ የሐበሻ ምርመራ ተጀመረ። አንዱ «መብራቱ ነው፤ ከፍ ዝቅ ይላል» አለ። ሌላው «አይጥ ነች» አለ። «የሰሞኑ መብረቅ ነው» ያለም ነበር። ጥበቃው «ልጁ እየሄደ ሲመለስ አበል እንዲቆጠርለት ነው» ብሎ ማማቱን ቆይቼ ሰማሁ። እኔ ደግሞ ለራሴ «ማሽኑ አርጅቷል» አልኩ። ሰባት ወር ያልሞላውን ማሽን! አንድም ሰው ግን «የሚጠፋው መቼ መቼ ነው?» ብሎ አልጠየቀም። እኔም ጭምር።

በሰኔ መጀመሪያ ለሌላ ሥራ ደብረ ማርቆስ ሄጄ ነበር። ስመለስ ፍኖተ ሰላም ላይ ወረድኩ። አልደወልኩም፤ አላሳወቅሁም። ስገባ ሥራ አስኪያጁ ቢሯቸው ውስጥ ስብሰባ ላይ ናቸው። መስኮቶቹ ሁሉ ዝም ብለዋል። ሰዉ ተኮልኩሏል። ልጆቹ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ሲስተም የለም!

የጠፋ ኔትወርክ አይቼ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። በሽታውን በዓይኔ አየሁት። ከአንዱ ኮምፒውተር ላይ ሆኜ ሰርቨሩን «አለህ?» ስለው ሦስት ጊዜ «አለሁ» ይላል፤ ከዚያ ዝም። እንደገና ይመልሳል፤ እንደገና ዝም። ኬብሉን ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ላብ በላብ ሆንኩ። ለካ ማየት ብቻውን ማወቅ አይደለም።

ያ አግዳሚ ወንበር ከሰርቨሩ ክፍል በር ፊት ለፊት ነው። ሽማግሌው ያንኑ ጋቢ ለብሰው፣ ያንኑ ላስቲክ ይዘው ተቀምጠዋል። ከቡሬ ወዲያ የአራት ሰዓት የእግር መንገድ ካለው ገጠር ነው የሚመጡት። ያን ዕለት አራተኛ መምጣታቸው ነበር። መጀመሪያ የመጡ ቀን እኔ «ሥራ ይቁም» ብዬ ያስቆምኩት እሳቸው ተራ ላይ ነበር። ከምሳ በኋላ ተራው ሳይደርሳቸው ጠፋ። በሌሎቹ ቀናትም እንደዚያው። የሚፈልጉት የራሳቸውን ገንዘብ ነው፤ በቆሎ ሸጠው ያስቀመጡትን። ለማዳበሪያ።

ብዙ አዩኝና እንዲህ አሉ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልናገር? አትቆጣ እንጅ።»

«ይናገሩ አባባ።»

«ባለፈውም አየሁህ፣ ዛሬም አየሁህ። ትነቅላለህ፣ ትተክላለህ። የታመመውን ጠይቀኸዋል? ሐኪም እንኳ መጀመሪያ ‘ምንህን ነው የሚያምህ?’ ይላል እንጅ ዘሎ አይወጋም።»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ፊቴ ጋለ። ምክንያቱም ሽማግሌው ሳያውቁት የሙያዬን ፊደል ሀ ብለው አስቆጥረውኛል። ሰርቨር የሚባል ነገር የውሎ መዝገብ ይይዛል። ተነሣሁ፣ ተኛሁ፣ ይህ አስቸገረኝ፣ ያ ጎደለኝ እያለ ሁሉንም ከነቀኑና ከነሰዓቱ ይጽፋል። ጠጋኝ መጀመሪያ የሚከፍተው እሱን ነው። እኔ በሁለቱ ጉዞዎቼ አልከፈትኩትም። ቡና እየቀዘቀዘ፣ ምሳ እየተጋበዝኩ፣ መኪና እንዳያመልጠኝ እየተጣደፍኩ… ስክሪኑ ላይ አቧራ እንዳይገባ የተሸፈነችውን ጨርቅ እንኳ በወጉ አላነሣኋትም።

ጨርቁን አነሣሁ። መዝገቡን ከፈትኩ።

ቀይ ምልክት በቀይ ምልክት ላይ ተደርድሯል። ሁሉም የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ «በዚህ መረብ ላይ የእኔን አድራሻ የያዘ ሌላ መሣሪያ አለ።» ከፋሲካ በኋላ ካለው ሰኞ ጀምሮ፣ አብዛኛውን ቀን ጠዋት፣ ሥራ በሚጀመርበት ሰዓት። አንዳንዴም ከሰዓት በኋላ። እኔ የነበርኩባቸውን ሁለት ቀናት አየሁ። የሁለቱም ቀን ምልክት የተጻፈው ከምሳ በኋላ ነው፤ እኔ መኪና ከተሳፈርኩ በኋላ። ማሽኑ ከአንድ ወር በላይ ስሞታውን ሲጽፍ ኖሯል። አንባቢ ነው ያጣው።

ነገሩን ላስረዳችሁ። በአንድ መረብ ላይ ያለ መሣሪያ ሁሉ ቁጥር አለው፤ አድራሻው ነው። መስኮቷ ላይ ያለው ኮምፒውተር ሰርቨሩን ሲፈልግ «10 ቁጥር ማን ነው?» ብሎ ይጣራል። ሰርቨሩ «እኔ ነኝ» ይላል። ኮምፒውተሩ መልሱን ለጥቂት ጊዜ ያስታውሳል፤ ቆየት ብሎ እንደገና ይጣራል። ሁለት መሣሪያዎች አንድ ቁጥር ከያዙ ግን ሁለቱም «እኔ ነኝ» ይላሉ። ጠሪው ያመነው የእውነተኛውን መልስ ከሆነ ሥራው ይቀጥላል። ያመነው የሌላውን ከሆነ ደብዳቤው ሁሉ የማይመለከተው ሰው ቤት ይገባል። ቆየት ብሎ ሲጣራ ደግሞ ዕድሉ ሊገለበጥ ይችላል። መጣ ሄደ ማለት ይኼ ነው። በአንድ ቀበሌ ሁለት ሰዎች በአንድ ስም ሲጠሩ የፍርድ ቤት መጥሪያው የማን ቤት እንደሚገባ አስቡት!

ይህንን ሳስብ የጎጃም ታሪክ ትዝ ይለኛል። በ1933 ዓ.ም. ጃንሆይና የዊንጌት ጦር በዚሁ በቡሬና በደብረ ማርቆስ መንገድ ጣልያንን እየገፉ ሲመጡ ጣልያኖች ስልካቸውን ሳይቆርጡ ሸሹ። ኤድመንድ ስቲቨንስ የሚባል አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ከጦሩ ጋር ነበር፤ ጣልያንኛ አቀላጥፎ ይናገራል። ጣልያን መስሎ ከወዲያኛው ምሽግ ጋር በስልኩ ተነጋገረ፤ እጅግ ብዙ ጦር እየመጣባችሁ ነው ብሎ አስበረገጋቸው። ሽቦው ደኅና ነበር። ድምፁም ጥርት ያለ ነበር። ችግሩ «እኔ ነኝ» ያለው ሰው እሱ አለመሆኑ ነው። መሥመር መኖሩ ብቻውን ምንም ማለት እንዳልሆነ ጎጃም ከኮምፒውተር በፊት ያውቀዋል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። አስመሳዩን ለማግኘት ከስዊቹ ላይ ኬብሎቹን አንድ በአንድ መንቀል ጀመርኩ። ሰባተኛውን ስነቅል ሰርቨሩ ጥቂት ቆይቶ «አለሁ» አለ፤ አለሁ አለሁ አለሁ! እዚያው ላይ ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ ድምፅ መጣ።

«ኧረ ፕሪንተሬ ምን ሆነ?»

ከፋሲካ በኋላ ለቢሯቸው አዲስ ፕሪንተር ተገዝቶላቸው ነበር። የተከለው ሌላ ባለሙያ ነው። የመጣው እሑድ ቀን፣ ሰርቨሩ ጠፍቶ ሳለ። ባዶ ቁጥር ሲፈልግ «10 ቁጥር አለህ?» ብሎ ተጣርቷል፤ የመለሰ የለም። ቁጥሩን ለፕሪንተሩ ሰጠው። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ቆጣቢ ሰው ናቸው፤ ከቢሮ ሲወጡ ፕሪንተሩን ከሶኬቱ ነቅለው፣ ቆልፈው ነው። ስለዚህ እሳቸው ቢሮ ሲገቡ ኔትወርክ ይጠፋል፤ ሲወጡ ይመጣል። እኔ በመጣሁ ቀንስ? እንግዳ ሊያከብሩ ነቅለው፣ ቆልፈው፣ አጠገቤ ተቀመጡ። በሽታውን የደበቀብኝ ጨዋነታቸው ነበር። ሸኝተውኝ ሲመለሱ ደግሞ ሰኩት።

«የሠራው ልጅ ነዋ ጥፋተኛው!» አሉ አንደኛዋ ጸሐፊ።

ዝም ብል ኖሮ በዚሁ ባለፈ ነበር። ግን ልጁ ምን ያድርግ? ኅዳር ላይ ያንን ሁሉ ስተክል የትኛው መሣሪያ የትኛውን ቁጥር እንደያዘ አንዲት ወረቀት ጽፌ ግድግዳ ላይ ብለጥፍ ኖሮ ልጁ አይቶ 11ን ይሰጠው ነበር። አልጻፍኩም። «እኔ አውቀዋለሁ» ብዬ። አገራችን ውስጥ ስንት ነገር ነው «እኔ አውቀዋለሁ» በሚል ሰው ጭንቅላት ውስጥ ተቀምጦ ያለው? መዝገብ ቤቱ የሚያውቀው አንድ ሰው ነው፤ እሱ ጡረታ ሲወጣ ፋይሉ አብሮ ይወጣል። የውኃ ቧንቧው በየት እንደሚያልፍ የሚያውቀው አንድ ሽማግሌ ነው፤ እሳቸው ያረፉ ዕለት መንገዱ ሁሉ ይቆፈራል።

ለሥራ አስኪያጁ ነገርኳቸው። «ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉና «እኔስ? ልጆቹ ‘እርስዎ ሲኖሩ ነው የሚጠፋው’ ብለው እየቀለዱ እንደነበር አሁን ነው የነገሩኝ» አሉ። ያን ጊዜ የደነገጥኩት ከሁሉም በላይ ነው። ለካ የሚያውቅ ነበር! መስኮት ላይ ያሉት ልጆች ምልክቱን አይተውታል። ግን ለአለቃ «እርስዎ ሲገቡ ነው ሥራ የሚቆመው» ብሎ የሚናገር ማን ነው? ቀልድ አደረጉት። እኛ ዘንድ ፊት ለፊት የማይነገር እውነት ቀልድ ሆኖ ነው የሚኖረው። ማሽኑ በመዝገብ ጻፈው፣ ልጆቹ በቀልድ አወሩት፤ ሁለቱንም የሰማ አልነበረም።

የፕሪንተሩን ቁጥር ቀየርኩ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ዝርዝሩን ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ።

ያ ሁሉ አልፏል። ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር መጣ። ገንዘብ ከመስኮት ወደ እጅ ስልክ ገባ፤ ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ሰልፍ የሚቀር መስሎን ነበር። በሐምሌ ማለቂያ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ። ያኔ የጠፋው ሁለት መሣሪያ አንድ ቁጥር ይዞ አይደለም፤ በሰው ውሳኔ ነው። ገበሬው ግን ለሁለቱም የሚሰማው ቃል አንድ ነው፦ «ኔትወርክ የለም»። የተበላሸው፣ የተዘጋው፣ ያልተከፈለበት፣ ሠራተኛው ቡና ሊጠጣ የወጣበት… ሁሉም በአንድ ስም ይጠራል። ይኼም እንደ ሰርቨሩ ነው፤ በአንድ አድራሻ ብዙ ነገር ተቀምጦ ማን እንደሚመልስልን አናውቅም። በሽታ ሁሉ አንድ ስም ካለው መድኃኒቱ የሚገኘው በየት በኩል ነው?

ስለዚህ አሁን «ሲስተም የለም» ስባል ሦስት ጥያቄ እጠይቃለሁ። ከመቼ ጀምሮ? ለሁሉም ነው ወይስ ለአንዳንዱ? ሲጠፋ ሌላ ምን ይሆናል? አንዳንዱ ይቆጣኛል፤ «ምን አገባህ» ይለኛል። አንዳንዷ ግን ትንሽ ታስብና «እውነትም እኮ፣ ጠዋት ጠዋት ነው» ትላለች። ያቺ «ጠዋት ጠዋት ነው» ግማሽ መድኃኒት ናት።

ያን ዕለት መስኮቱ ሲከፈት መጀመሪያ የተጠሩት ሽማግሌው ነበሩ። ሰዉ ተራውን ለቀቀላቸው። ብራቸውን ተቀብለው ሁለት ጊዜ ቆጠሩ፤ በላስቲኩ ጠቅልለው እጀ ጠባባቸው ውስጥ ከተቱ። ሲወጡ በሩ ላይ አገኘኋቸው።

«ደረሰልዎት አባባ?» አልኩ። ይቅርታ ለማለት ነበር የፈለግሁት፤ አፌ ላይ የመጣልኝ ግን ይኼ ሆነ።

ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። የሰኔ ደመና ከቡሬ በኩል እየጠቆረ ነው። በቆሎ ሲዘራ ዳፕ አብሮ ይገባል፤ ዩሪያ የሚጨመረው ቡቃያው ጉልበት ሲደርስ ነው። ይህንን እሳቸው ናቸው የነገሩኝ።

«ለዳፑ አልደረሰም» አሉ፤ «ያለዳፕ ዘርተነዋል። ለዩሪያው ይደርሳል።»

ዱላቸውን አነሡ። የአራት ሰዓቱን መንገድ ዝናብ ሳይቀድማቸው ሊጀምሩት ቸኩለዋል።